ሦስተኛው ባትሪ

ነሐሴ ከባተ ጥቂት ቀን ሆኖታል። ደብረ ታቦር ላይ ዝናቡ ገና በጠዋት ይጀምርና ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል። አንድ ወጣት ከጠባብ ጋራዥ ደጃፍ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ወረደ። ከከተማው መግቢያ ጀምሮ በክላክስ ፈንታ በአፉ «ዞር በሉ!» እያለ ነው የመጣው። ክላክሱ አይጮህም፣ ፍሬቻው አይበራም፣ ሞተሪኖው ‹ጠቅ› ብሎ ዝም ይላል። መሪው ላይ ባንጠለጠለው ፌስታል ውስጥ ግን ከባሕር ዳር ያስመጣው አዲስ ሬጉሌተር አለ። መካኒኩ ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ሞተሩን ሳይሆን ፌስታሉን ነው።

«ምንድን ነው የያዝኸው ዶክተር?»

«ሬጉሌተር ነው ጋሼ። ይችን ይግጠሙልኝ። ባትሪው ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው፤ እሱም ሊሞት ነው። አንድ መካኒክ ‹ሬጉሌተሩ ነው› አለኝ።»

«አይቶልህ ነው የነገረህ፣ ሳያይ ነው?»

«በስልክ ነው።»

ወጣቱ ዶክተር አይደለም፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። በፋርጣ ገጠር ግን መርፌ ይዞ ከበረት የገባ ሁሉ ዶክተር ነው። መካኒኩም ስሙን ግማሽ በአክብሮት፣ ግማሽ በቀልድ ይጠራበታል። ሲከፋው ደግሞ «ወንዛዬ» ይለዋል፤ ሁለቱም የጉማራ ወንዝ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ናቸው።

«እስቲ ልጠይቅህ ወንዛዬ። አንድ ገበሬ ‹ላሜ ታማለች› ብሎ መድኃኒቱን ራሱ ከሱቅ ገዝቶ ቢያመጣልህ፣ ተቀብለህ ትወጋታለህ?»

ወጣቱ ሳቀ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚገጥመው ነገር ነው። «አልወጋትም። መጀመሪያ ሙቀቷን እለካለሁ።»

«እንግዲያስ እኛም ሙቀቷን እንለካ። ፌስታልህን እዚያ ምስማር ላይ ስቀለው።»

የዚህ ሞተር መታመም የአንድ ሰው ጣጣ ብቻ አይደለም። ከኋላው የሚታሰረው የበረዶ ሳጥን ቢሾፍቱ ካለው የብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት የሚወጣውን ክትባት ይዞ ወደ ጉና ጥግ ቀበሌዎች ይወጣል። የአባ ሰንጋ ክትባትም ሆነ የአባ ጎርባ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ሲቆም በረዶው አይጠብቅም። በክፉ ቀን ዘመን የአገሩን ከብት የጨረሰው ደስታ የሚባለው በሽታ ከኢትዮጵያ መጥፋቱ የተመሰከረው በአውሮፓውያኑ 2008 ነው። ለዚያ ድል ክትባቱን ያዳረሱት በእግርም በበቅሎም፣ በመኪናም በሞተርም የወጡ እጆች ናቸው። አዲስ አበባ ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ እገዳ ስትጥል፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ሞተር እንደ በቅሎ ያለ ነገር ሆኖ ነበር፤ መንገዱ በሚያልቅበት የሚጀምር።

ይህኛው ጃፓን ሰራሽ ነው፤ ባለ 12 ቮልት። ከባለቤቱ ብዙም የማያንስ ዕድሜ አለው። የግብርናና የጤና መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የለመዱት እንደ ያማሃ ኤጂ ያለውን ሞተር ነው፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ብረት ያለው፣ በግራም በቀኝም የሚቆም፣ መጀመሪያ ለአውስትራሊያ ከብት አርቢዎች የታሰበ። ቦክሰርና ቲቪኤስ መንገዱን የሞሉት ከዚያ ወዲህ ነው። አሮጌዎቹ ግን አልተጣሉም። እጅ በእጅ ሲተላለፉ እያንዳንዱ መካኒክ የራሱን ሽቦ ጨመረባቸው።

መካኒኩ ኮርቻውን አንስቶ ወደ ውስጥ ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «የሽቦውን ቀለም እንዳታምን። ይኸ የአንድ ሞተር አንጀት አይደለም፤ የሦስት ነው።»

ቢጫ ቴስተሩን አወጣ። መስታወቱ ተሰንጥቆ በናስትሮ ተለጥፏል። ሞተሩ እንደጠፋ ጫፎቹን በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አሳረፈ፤ 11.6።

«ሙሉ የሆነ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6፣ 12.7 ይላል። 12 ካለ ተርቧል። ከ12 በታች ወርዶ የሰነበተ ውስጡ ይደነድናል፤ ነጭ ጨው እርሳሱ ላይ ይጋገርና እንደገና ልሙላህ ብትለው አይቀበልህም።»

«ስለዚህ ሞቷል?»

«ገና አላልሁም። አሁን የምናየው ግን ባትሪውን አይደለም።»

ጋራዡ ውስጥ የሚረዳውን ልጅ ጠርቶ በቻርጀር ላይ ያደረ ሌላ ባትሪ አስመጣ። ይህን አብዛኛው ሰው ይዘልለዋል። ባዶ ባትሪ ላይ ተለክቶ የሚወጣ ቁጥር የሞተሩን አቅም አይናገርም፤ የተራበ ልጅ ፊት እንጀራ አቅርቦ እናቱ ምን ያህል ትጋግራለች ብሎ እንደመገመት ነው። አዲሱ ባትሪ አርፎ 12.7 አለ። ሞተሩ በርግጫ ተነሳ፣ መብራቱ በራ፤ ቁጥሩ 12.3 ሆነ። ጋዝ ተሰጠ። ሞተሩ ጮኸ፣ ቁጥሩ ግን 12.5 ላይ ቆሞ ቀረ።

«13 ተኩልን ማለፍ ነበረበት፤ ከ14 ተኩል ሳይበልጥ። አልሞላም።»

«አላልሁዎትም? ሬጉሌተሩ ነው!»

«አንድ ነገር ነው። የትኛው እንደሆነ አናውቅም።»

ወጣቱ የሌላውን መካኒክ ዘዴ አስታወሰ። «ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ሽቦ ብንነቅለውስ? ያኛው እንደዚያ ነው የሚያየው፤ ካልጠፋ ይሞላል ይላል።»

የመካኒኩ ፊት ተለወጠ። «እሱን እኔ ጋራዥ ውስጥ እንዳታደርገው! በመጀመሪያ፣ የዚህ ሞተር ካንዴላ እሳቱን ከባትሪ አይለምንም፤ የራሱ መጠምጠሚያ አለው። ባትሪውን አውጥተህ ብትጥለውም ይሄዳል። ታዲያ አለመጥፋቱ ምን ነገረህ? ምንም። በሁለተኛ ደረጃ...» እጁን ወደ ምዕራብ ዘረጋ፤ ከጭጋጉ በቀር የሚታይ አልነበረም። «ርብን ታውቃለህ። ጉማራን ታውቃለህ። ሁለቱም ከጉና ወርደው ክረምት ላይ ፎገራን ሲያጥለቀልቁ አይተሃል። ጣና ያን ሁሉ ደራሽ ተቀብሎ ስንት ከፍ ይላል?»

«ብዙም አይታይበት።»

«ባትሪው ጣና ነው። ከሥር የሚመጣው ጉልበት ሞተሩ ሲጮህ ይሞላል፣ ሲያንቀላፋ ይጎድላል፤ ባትሪው ተቀብሎ ያረጋዋል። እሱን የነቀልኸው ለታ ደራሹ በቀጥታ አምፖሉ ላይ ይፈስሳል፤ ሬጉሌተሩንም ይዞት ይሄዳል። ስንት ደህና ሬጉሌተር በዚህ ምርመራ ተገደለ መሰለህ።»

ከሞተሩ የግራ ክዳን ሥር የሚወጡ ሦስት ሽቦዎች ያሉበትን ሶኬት ነቀለ። ክዳኑ ውስጥ ማግኔት ያለበት ከባድ መንኮራኩር ይዞራል፤ መዳብ የተጠመጠመበት ስቴተር ደግሞ ከመሐል ቆሞ ይጠብቀዋል። ማግኔት በመዳብ አጠገብ ሲያልፍ ጅረት ይወለዳል፤ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳየው ይህንኑ ነው። እዚህ የሚወለደው ጅረት ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ስለሆነ ባትሪ አይቀበለውም። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያስገባውና ሲበዛ የሚገታው ሬጉሌተሩ ነው። እንግዲህ ሦስት ቤት አለ፤ የሚያመነጨው፣ የሚገራው፣ የሚያጠራቅመው። በመካከላቸው ደግሞ መንገድ አለ፤ ሰው የሚረሳው መንገዱን ነው።

ቴስተሩ ወደ ኤሲ ዞረ። ልጁ ጋዝ ሲሰጥ መካኒኩ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ለካ። አንደኛውና ሁለተኛው 51፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው 52፤ አንደኛውና ሦስተኛው 51።

«ሃምሳ ቮልት! ይኸማ ብዙ ነው፤» አለ ወጣቱ።

«ቁጥሩን ተወውና እኩልነቱን እይ። አንዱ 20 ሌላው 50 ቢል መጠምጠሚያው ተቃጥሏል እልህ ነበር። ሦስት ጡት እኩል ከታለበ ጡቷ ደህና ነው።»

«ላም አራት ጡት ነው ያላት ጋሼ።»

«የአንተዋ።»

ሞተሩ ጠፋ። እያንዳንዱ ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር መነካካት አለመነካካቱ ታየ፤ አልነካም። ስቴተሩ ነጻ ወጣ። የሬጉሌተሩም ዳዮዶች አንድ በአንድ ተፈተሹ፤ በአንድ በኩል ያሳልፋሉ፣ በሌላው ይዘጋሉ። ምስማር ላይ ወደተሰቀለው ፌስታል የወጣቱ ዓይን ሄደ።

ዝናቡ በረታና የጋራዡን ደጅ ጋረደው። ከማዶ ያለች ሴት ቡና ልካ ነበር፤ ሁለተኛው እስኪደርስ ወጣቱ ብሶቱን አወራ። ወሩ ሲብት ከክምር ድንጋይ ሲመለስ መሽቶበት ነበር። ጭጋጉ ከጉና ወርዶ መንገዱን ሲሞላ መብራቱ እየቀላ እየቀላ ሄዶ የከሰል ፍም አከለ። ፍሬኑን ሲይዝ ደግሞ ጭራሽ ይደበዝዛል። በመጨረሻ የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ገባ። ካንዴላው ነው ብለውት ሁለት ጊዜ ቀይሯል፤ የተነቀለው ሁሌ ጥቁር ነው።

«ጥቁርማ ይሆናል፤» አለ መካኒኩ። «የት ነው ያለነው? ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራቶሩ ግን ቤንዚኑን ለዝቅተኛ አገር እንደተለካለት ይሰጣል። ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የከፍታ ጥላሸት ነው እንጂ የመብራት በሽታ አይደለም። ሁለቱን ካንዴላ በከንቱ ገዛህ።»

የመካኒኩ ቤት ወደ ጋፋት መውጫ ነው። ብዙ ሰው ጋፋት የሚለውን ስም ሲያነሳ የሚታየው ሴባስቶፖል መድፍ ነው፤ እሱም ይኮራበታል። ዓፄ ቴዎድሮስ እዚያ ያሠፈሯቸው አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ አፈሰሱ። በ1860 ዓ.ም. ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገ፣ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ጎተተው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እርሳስና አሲድ አገናኝቶ እንደገና የሚሞላ ባትሪ የሠራው በአውሮፓውያኑ 1859 ነው፤ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ ሳሉ። ዛሬ ኮርቻ ሥር ያለው ባትሪ የዚያ የልጅ ልጅ ነው፤ እርሳሱም ያው፣ አሲዱም ያው። መካኒኩ ይህን ሲሰማ ጥቂት አሰበና «ጋፋት ላይ አንድ ፕላንቴ ቢኖር ኖሮ መድፍ ባልጎተትን» አለ። አጠያያቂ ነው፤ ንጉሡ የሚፈልጉት ብርሃን አልነበረም።

ቡናው አልቆ ወደ ሥራው ተመለሱ። መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ ቀዩን ጫፍ ከሬጉሌተሩ መውጫ ሽቦ፣ ጥቁሩን ከሬጉሌተሩ የራሱ የብረት ገላ ላይ አሳረፈ። ጋዝ ተሰጠ።

14.3።

ወጣቱ ተጠግቶ አየ። «ይሞላል እኮ!»

«ባትሪው ላይስ?»

ጫፎቹ ወደ ባትሪው ተመለሱ፤ 12.5።

«በል ተማሪ። ከሬጉሌተሩ 14.3 ወጣ፣ ባትሪው ጋ 12.5 ደረሰ። የት ገባ?»

«1.8 ቮልት... መንገድ ላይ።»

«መንገዱ ሁለት ነው፤ የፕላሱና የማሳው። ሰው ሁሉ የሚሄደው በፕላሱ ነው። ጅረት ግን እንደ ሄደ መመለስ አለበት፤ መመለሻው ማሳ ነው፤ የሞተሩ ገላ፣ ፍሬሙ።» ከሬጉሌተሩ መውጫ እስከ ባትሪው ፕላስ ለካ፤ 0.1 ብቻ። ከሬጉሌተሩ ገላ እስከ ባትሪው ማይነስ ለካ። ቴስተሩ 1.7 አለ።

ሁለቱም ዝም አሉ። ቁጥሩ ተገጣጥሟል።

መካኒኩ 10 ቁጥር ቁልፍ አንስቶ ሬጉሌተሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈታ። ከሥሩ ያለው ፍሬም አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ያለምንም ጭረት። የሬጉሌተሩ ገላ የተቀመጠው ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ነበር። የሚነካው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነው፤ እሱም በክረምቱ ዝጓል።

«ማነው የቀባው?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ ያስቀባሁት። ለፋሲካ። ዝጎ ነበር፣ አስቀያሚ ሆኖ...»

«አማረ። አማረና ታወረ።»

ሬጉሌተሩ የሚያየው የራሱን ጫፎች ነው፤ በራሱ ገላና በራሱ መውጫ መካከል 14.3 ሲያይ «በቃ፣ ጠግበዋል» ብሎ ይገታል። ባትሪው ግን በቀለሙ ማዶ እየተራበ ነው። አዲሱ ሬጉሌተር ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ እሱም በዚያው ቀለም ላይ ተቀምጦ ያንኑ ይል ነበር። ከዚያ አራተኛ ባትሪ ይገዛል፤ ቀጥሎ ስቴተር። ጋራዥ ለጋራዥ የሚዞር አሮጌ ሞተር ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው ባለቤቱን የሚያደኸየው፤ ዕቃ መቀየር ምርመራ ሲመስል። ለዕቃው ደረሰኝ አለ፤ ቀለም ለመፋቅ ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም።

መካኒኩ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። አረንጓዴው ዱቄት እየሆነ ረገፈ፣ ከሥሩ ግራጫው ቅብ፣ ከዚያ የአንድ ብር ስፋት የምታህል የምታበራ ብረት ወጣች። የሬጉሌተሩንም ጀርባ እንዲሁ አጸዳ። በዚህም አልረካም፤ ከሬጉሌተሩ ብሎን እስከ ባትሪው ማይነስ ድረስ ወፍራም ጥቁር ሽቦ ለብቻው ዘረጋ። «ፍሬሙን አላምንም፤ ሌላ ፋሲካ ይመጣል፤» አለ። መጋጠሚያዎቹ ላይ ግሪስ ቀባ፤ ዝናብ እንዳይገባ።

ሞተሩ ተነሳ። መብራቱ በርቶ፣ ጋዝ ተሰጥቶ፣ ባትሪው ላይ 14.1።

ወጣቱ እጁን ሊያጨበጭብ ሲል መካኒኩ አቆመው። «አንድ ነገር አልገጠመልኝም። የመጀመሪያው ባትሪህ መቼ ሞተ?»

«ጥር ላይ።»

«ቀለሙ ግን ሚያዝያ ነው። እንዴት ነበር የሞተው?»

«ፈላ። ጎኑ አብጦ፣ አሲዱ በቀዳዳው እየተፋ... እንደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ነበር ጋሼ። ሽታውም እንደዚያው። ውሃ ብጨምርበት በሳምንቱ ደረቀ። አምፖልም እየተቃጠለ አስቸገረኝ።»

«ምን ውሃ?»

«ከጣራ የወረደ።»

መካኒኩ ዓይኑን ጨፈነ። «የጣራ ውሃ ዝገትም ዚንክም ይዞ ነው የሚወርድ። ባትሪ የሚጠጣው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። አሲድም አይጨመርበትም፤ የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም። ግን ያ አልገደለውም። ያኔ ሬጉሌተሩ ሞቶ መግታት አቅቶታል፤ ከ15 ቮልት በላይ እየላከ ነው አምፖሉን የሚያቃጥለው፣ ባትሪውን የሚያፈላው። ከዚያ ምን አደረጋችሁ?»

«ሬጉሌተር ተቀየረ። ባትሪም።»

«ትክክል ነበር። ያኔ ልክ ነበር። ሚያዝያ ላይ ቀባኸው፤ ሁለተኛው ባትሪ በረሃብ ሞተ። ሰኔ ላይ ሦስተኛውን ገዛህ፣ እሱም እየተራበ ነው። አንዱ በጥጋብ ሞተ፣ አንዱ በረሃብ። አንተ ግን ለሁለቱም ‹ባትሪ አይበረክትልኝም› ትላለህ።»

የእንስሳት ጤና ባለሙያው ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ የታየው ነገር ከሞተር ጋር ብዙ ግንኙነት አልነበረውም። ሆዷ የተነፋ ላም በአረንጓዴ ሣር ትነፋለች፤ ጉሮሮዋ በድንች ተዘግቶም ትነፋለች። ገበሬው ለሁለቱም «ተነፋችብኝ» ነው የሚለው። አንዷን የሚያድን ነገር ለሌላዋ አይሆንም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ወጣቱ ግን ሳይጠየቅ ሌላ ነገር አነሳ፤ ባሕር ዳር ለአሥር ቀን ስልጠና ሄዶ ሲመለስ ባትሪውን ጭራሽ ሙት ሆኖ እንዳገኘው። ቆሞ የነበረን ሞተር ባትሪ ቀለምና ሬጉሌተር አይገድለውም። መካኒኩ ቁልፉን ዘጋ፣ የባትሪውን ማይነስ ፈታ፣ ቴስተሩን ወደ ሚሊ አምፔር አዙሮ በሽቦውና በባትሪው መካከል አገባው። ሁሉም ነገር ተዘግቶ ሳለ 30 ሚሊ አምፔር ይፈስሳል።

«የሚጠባ ጥጃ አለ፤» አለና ሽቦውን እየተከተለ እስከ መሪው ደረሰ። የስልክ መሙያ ሶኬት ነው፤ ቁልፉን ዘሎ በቀጥታ ከባትሪው የታሰረ።

«እሱማ አስፈላጊ ነው ጋሼ፤ ገበሬው ሌሊት ይደውልልኛል፤» ብሎ ወጣቱ ተከላከለ።

«ይደውልልህ፤ ግን ቁልፍ አብጅለት። 30 ሚሊ በሃያ አራት ሰዓት ስንት ነው?»

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ አሰላ። «0.72 አምፔር ሰዓት።»

«ባትሪህ 7 ነው። በአሥር ቀን?»

«7.2...» ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ሶኬቱ ከቁልፉ በኋላ ወዳለው መስመር ተዛወረ። ፊውዙ ቤት ሲከፈት በፊውዝ ፈንታ እጥፍ የተደረገ የመዳብ ክር ተገኘ። ለዚህ ምልልስ እንኳ አላስፈለገም፤ መካኒኩ ክሩን በፒንሳ ይዞ አሳየው፣ ወጣቱም ማን እንዳደረገው ሳይናገር ለ15 አምፔር ፊውዝ ከፈለ።

የቀረው ሦስተኛው ባትሪ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የተራበ፣ 11.6 ላይ የቆየ። መካኒኩ በዝግታ እንዲሞላ ወሰነ፤ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 0.7 አምፔር፣ ሌሊቱን ሙሉ። «በትልቁ ቻርጀር በአንድ ሰዓት ልሞላልህ እችላለሁ። ይፈላል እንጂ አይሞላም። መብራት ካልጠፋ ጠዋት ይደርሳል።»

«እንደዳነስ በምን አውቃለሁ? ከቻርጀሩ እንደወጣ ለክቼ?»

«ያኔ 13 ይልሃል፤ አትመነው። የላይ የላዩ ነው። ነቅለነው ጥቂት ሰዓት ይረፍና እንለካዋለን።»

ሌሊት አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ መጣ። መካኒኩ ቻርጀሩን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅሎ ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ወጣቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ የበረዶ ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሟል። ልጁ ቡሄ እየደረሰ ነው በሚል ሰበብ ጅራፉን ደጅ ላይ ያጮሃል።

መካኒኩ ቴስተሩን ለወጣቱ ሰጠው። «አንተ ለካ።»

12.5።

«ሙሉው አይደለም፤» አለ ወጣቱ።

«አይደለም። ተጎድቷል። ክረምቱን ያወጣሃል፤ መስከረም ላይ መልሰህ አሳየኝ።»

ባትሪው ገባ፣ ማሳው ጠበቀ፣ ኮርቻው ተዘጋ። ሞተሪኖው በአንድ ጫን ተነሳ። ወጣቱ ሳጥኑን ከኋላ አሰረና ክላክሱን ሁለት ጊዜ ያለምክንያት ነፋው። የጋይንቱን መንገድ ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ከፊቱ የነበረውን ጭጋግ ነጭ ብርሃን ሰነጠቀው። ፌስታሉ ከነሬጉሌተሩ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።